ጎበዝ መሆን ብቻ አይበቃም፦ «የአንስታይን ቪዛ» የሚለካው ምንድን ነው?

ዲቪን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል። «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ኢንተርኔት ቤቶችን እያየን ነው ያደግነው። ደርሷት የሄደች ጎረቤት አለችን፤ ደርሶት ስፖንሰር አጥቶ የቀረም ሰው እናውቃለን። ዲቪ ጎበዝና ሰነፍ አይለይም። ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ፣ ወይም ስልጠና በሚጠይቅ ሙያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ይሞላል፣ ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል፣ አለቀ።

ዲቪ መንትያ እንዳለው ግን ብዙ አይወራም። ሁለቱንም የወለደው አባትየው ጆርጅ ቡሽ በኖቬምበር 1990 የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሕጉ በአንድ በኩል ዕጣውን አመጣ። በሌላ በኩል ደግሞ በሳይንስ፣ በጥበብ፣ በትምህርት፣ በንግድ ወይም በስፖርት «ልዩ ችሎታ» ላላቸው ሰዎች የግሪን ካርድ በር ከፈተ። ይኼኛው በር ዕድል አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማስረጃ ነው።

ስለዚህ በር ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚወራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ኖቤል ካልተሸለምክ አትልፋ» ይላል። ሌላው «ይህን ያህል ክፈሉ፣ ቀሪውን ለእኛ ተዉት» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እስቲ ረጋ ብለን እንየው፤ ጉዳዩ አሜሪካ መሄድ ለሚፈልግ ሰው ብቻ አይደለምና። እዚሁ ሆኖ ምርምር መሥራት የሚፈልግ ወጣትንም ይነካል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

በሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

አሜሪካ በሥራና በሙያ መስመር በዓመት ወደ 140,000 የሚጠጋ ግሪን ካርድ ትሰጣለች። ይህ በአምስት ደረጃ ይከፈላል። የመጀመሪያው ደረጃ ኢቢ-1 ይባላል፤ ከጠቅላላው 28.6 በመቶ፣ ማለትም ወደ 40,000 ገደማ ይደርሰዋል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆችም ከዚሁ ኮታ ላይ ነው የሚቆጠሩት። አንድ ተመራማሪ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከሄደ አራት ቦታ ወሰደ ማለት ነው።

ኢቢ-1 ራሱም ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው የዛሬው ርዕሳችን፣ የልዩ ችሎታ መስመር ነው። ሁለተኛው ቢያንስ ሦስት ዓመት ልምድ ላላቸውና የሚቀጥራቸው ተቋም ላገኙ ስመ ጥር ፕሮፌሰሮችና ተመራማሪዎች ነው። ሦስተኛው ለዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ሥራ አስኪያጆች ነው። የመጀመሪያውን ከሁለቱ የሚለየው ቀጣሪ አለመፈለጉ ነው። አመልካቹ አይ-140 የሚባለውን ቅጽ ራሱ ለራሱ ሞልቶ፣ ፈርሞ ያስገባል። አለቃ የለ፣ ስፖንሰር የለ። የእንግሊዝኛ ፈተና የለም። የዕድሜ ገደብ የለም። ዲግሪ እንኳ በሕጉ ላይ እንደ ግዴታ አልተቀመጠም። የሚጠበቀው በዚያው ሙያ እንደሚቀጥል ማሳየትና ሥራው ለአሜሪካ የሚሰጠውን ጥቅም ማስረዳት ነው። ከዚያ በፊት ግን በመስኩ «አናት ላይ ከደረሱት ጥቂቶች አንዱ» መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ከባዱ ዳገት እሱ ነው።

ሌላ ገደብም አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ አገር የሚሄዱ ሰዎች በመርህ ደረጃ ከ7 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። እዚህ ላይ የሚታየው የትውልድ አገር ነው እንጂ ፓስፖርት አይደለም። ሕንድና ቻይና የተወለዱ ሳይንቲስቶች ማመልከቻቸው ከጸደቀ በኋላም ለዓመታት ወረፋ የሚጠብቁት በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ ለብቻዋ የተለየ ወረፋ የላትም፤ ከቀረው ዓለም ጋር በአንድ ረድፍ ነው የምትታየው።

«የአንስታይን ቪዛ» የሚለው ስም የሕግ ስም አይደለም፣ የጋዜጠኞች ነው። አንስታይን ራሱ ወደ ፕሪንስተን የሄደው በ1933 ነው፤ ሕጉ ከመውጣቱ 57 ዓመት በፊት ማለት ነው። ዋሽንግተን ፖስት በ2018 እንደዘገበው ደግሞ፣ በዚያን ጊዜ ሞዴል የነበሩት ሜላኒያ ትራምፕ በ2001 ግሪን ካርድ ያገኙት በዚሁ በኢቢ-1 ነው። ዜናው ያኔ ብዙ ሰው አስቆጥቷል፣ አስቋልም። ግን ሕጉን ላነበበ ሰው የሚገርም አይደለም። ሕጉ ሊቅ ፈልጉልኝ አላለም። ሞዴሊንግም ሙያ ነው፤ ሙያ ከሆነ አናት አለው።

አሥሩ መስፈርቶች

ወደ ውስጥ ለመግባት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ ኖቤል ያለ ዓለም የሚያውቀው ትልቅ ሽልማት መያዝ ነው። እሱ ከሌለ ከአሥር መስፈርቶች ቢያንስ ሦስቱን ማሟላት ያስፈልጋል። ለሳይንስ ሰው የሚቀርቡት ስምንቱ እነዚህ ናቸው፦

• ከኖቤል ያነሰ ቢሆንም በአገር ወይም በዓለም ደረጃ እውቅና ያለው የሙያ ሽልማት

• አባል ለመሆን የላቀ ሥራ የሚጠይቅ ማኅበር አባልነት፤ መዋጮ ከፍሎ ማንም የሚገባበት ማኅበር አይቆጠርም

• በትልቅ ሚዲያ ወይም በሙያ መጽሔት ስለ አመልካቹና ስለ ሥራው የተጻፈ ጽሑፍ

• የሌሎችን ሥራ መዳኘት፤ ለምሳሌ ለጆርናል የተላከን ጽሑፍ መገምገም

• በመስኩ ትልቅ ትርጉም ያለው የራስ ግኝት ወይም ፈጠራ

• በሙያ ጆርናሎች ላይ የታተሙ ሳይንሳዊ ጽሑፎች

• ስመ ጥር በሆነ ተቋም ውስጥ መሪ ወይም ወሳኝ ሚና

• በሙያው ካሉ ሌሎች ሰዎች አንጻር ከፍ ያለ ደመወዝ

ቀሪዎቹ ሁለቱ፣ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽንና የመድረክ ሥራዎች ገበያ፣ ለአርቲስቶች ናቸው።

እንዲህ ሲደረደር ቀላል ይመስላል። ፒኤችዲ የጨረሰ ሰው የታተመ ጽሑፍ አለው። አንድ ሁለት ጊዜ ገምጋሚ ሆኖ ይሆናል። ሁለት ተሟላ። ሦስተኛው ላይ ነው ችግሩ የሚመጣው። «ትልቅ ትርጉም ያለው ግኝት» ሲባል ለማን ነው ትልቅ? ለአማካሪው? ለዲፓርትመንቱ? ኦፊሰሩ ማየት የሚፈልገው አመልካቹን በግል የማያውቁ ሰዎች ሥራውን ተጠቅመው እንደሆነ ነው። ሌላ ላብራቶሪ ዘዴውን ወስዷል ወይ? ሐኪሞች መመሪያቸውን ቀይረዋል ወይ? ገበሬው ዘሩን ዘርቷል ወይ? የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ገዝቶ የሠራበት ኩባንያ አለ ወይ? ጽሑፉ ስንት ቦታ ተጠቅሷል የሚለው ጥያቄም የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ይህን ከማንም በላይ ያስተማረው የካዛሪያን ጉዳይ ነው። ፖጎስ ካዛሪያን የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ሰው ናቸው። በዚህ መስመር አመልክተው ተከለከሉ፤ ነገሩ እስከ ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2010 የሰጠው ውሳኔ ሁለት ፊት አለው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን «መስፈርቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ከራስህ ጨምረህ መጠየቅ አትችልም» ብሎ ገሠጸው። መስፈርቱ የታተመ ጽሑፍ ካለ የታተመ ጽሑፍ ነው፤ ሌሎች ምን አሉበት የሚለው በዚያ ደረጃ አይጠየቅም። ያም ሆኖ ካዛሪያን ተሸነፉ። ሲቆጠር ያሟሉት ሁለት ብቻ ነበር። የሚፈለገው ደግሞ ሦስት ነው።

መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ማመልከቻን የሚያየው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ይቆጥራል፤ ሦስት ሞልቷል ወይስ አልሞላም? ቀጥሎ ሁሉንም ማስረጃ አንድ ላይ አድርጎ ይመዝናል፤ ይህ ሰው እውነት ከአናቱ ጥቂቶች አንዱ ነው? ስለዚህ አራት መስፈርት አሟልቶ በሚዛኑ ላይ የሚወድቅ አለ። ማቆጥቆጫ ላይ የሚታለሉት ብዙዎች ይህን ሁለተኛ ደረጃ የማያውቁ ናቸው።

ኢኮኖሚክስ ምን ይላል?

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ይህን ቪዛ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ማይክል ስፔንስ ነው። በ1973 ባሳተመው ሥራ ያነሳው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ በዓይኑ ማየት ካልቻለ በምን ይለያል? መልሱ «ምልክት» ነው። ጎበዙ በቀላሉ የሚያገኘው፣ ያልጎበዘው ግን ብዙ ዋጋ ከፍሎ ካልሆነ የማያገኘው ምልክት ካለ፣ ቀጣሪው ምልክቱን አይቶ ይቀጥራል። ዲግሪ አንዱ እንዲህ ያለ ምልክት ነው። ስፔንስ በዚህ ሐሳብ ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር በ2001 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ተጋርቷል።

አሥሩ መስፈርቶችም ምልክቶች ናቸው። ኦፊሰሩ ላብራቶሪ ገብቶ ጭንቅላት አይለካም፤ ወረቀት ነው የሚያነበው። ምልክቱ እንዲሠራ ግን አንድ ነገር መሟላት አለበት። የምልክቱ ዋጋ መለያየት ያለበት በችሎታ ነው። በቦታ የሚለያይ ከሆነ ምልክቱ ችሎታን ሳይሆን አድራሻን መናገር ይጀምራል።

ሁለት እኩል ጭንቅላት ያላቸው የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪዎችን አስቡ። አንዷ ጅማ ናት፣ አንዷ ቦስተን። የቦስተኗ ኬሚካል ስታዝ በቀናት ውስጥ ይደርሳታል። የጅማዋ የውጭ ምንዛሪ፣ ግዥ ክፍልና ጉምሩክ እያለች ወራት ትጠብቃለች። የቦስተኗ አለቃ ራሳቸው የጆርናል አርታኢ ከሆኑ ለመገምገም የሚመጣ ጽሑፍ ወደ እሷ ይመራል። የጅማዋን ስም አርታኢው አያውቀውም። ጽሑፍ ለማሳተም ሺህ ዶላሮች የሚያስከፍሉ ጆርናሎች አሉ፤ የቦስተኗን ተቋሟ ይከፍልላታል። የጅማዋ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ታስተምራለች፣ ፈተና ታርማለች፣ ኮሚቴ ትገባለች። አምስት ዓመት ሲያልፍ የሁለቱ ጭንቅላት አሁንም እኩል ሊሆን ይችላል። ፋይላቸው ግን እኩል አይሆንም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። መመሪያው በአንድ ነገር አስቧል። ደመወዝ ሲመዘን በየአገሩ ካለው የሙያው ደመወዝ ጋር እንዲወዳደር ነው የሚያዘው፤ በደፈናው ወደ ዶላር ተመንዝሮ አይታይም። በብር ስለተከፈላችሁ ብቻ አትወድቁም። ሌሎቹ ላይ ግን ልዩነቱ አለ።

እንዶድና የ25 ዓመት ጥበቃ

ማስረጃና ችሎታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዶ/ር አክሊሉ ለማ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። በ1964 አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን እያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው የወንዝ ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ተውሳክ ወደ ሰው የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። እንዶድ እነሱን ከገደለ በሽታውን በርካሽ፣ በአገር ተክል መከላከል ይቻላል ማለት ነው። ለአያቶቻችን ሳሙና የነበረው ተክል መድኃኒት ሆኖ ተገኘ።

ግኝቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር፣ ሙከራውም እዚሁ ተሠራ። የዓለም አቀፍ ተቋማት ግን እንዶድን ለመቀበል ዓመታት ወሰደባቸው። እዚህ የተሠራው ጥናት በታወቁ የውጭ ላብራቶሪዎች እንደገና ካልተረጋገጠ አይበቃም ነበር። ዶ/ር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት። በ1964 የነበረው ግኝትና በ1989 የነበረው ግኝት አንድ ነው፤ የተለወጠው በዙሪያው የተከመረው ወረቀት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም በስማቸው ይጠራል።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ደግሞ የተለየ መንገድ ያሳዩናል። አለማያ ተምረው፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲያቸውን በ1978 ጨርሰው፣ ወደ ሱዳን ሄዱ። እዚያ ድርቅ የሚቋቋም ድቃይ የማሽላ ዝርያ አወጡ፤ በ1983 ለገበሬው ተለቀቀ። በኋላ ደግሞ ማሽላን የሚጨርሰውን አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ላይ ሠሩ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያነሳሁት በዚህ ቪዛ ስለሄዱ አይደለም፤ ዋና ሥራቸው ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ነው የተጀመረው። ያነሳኋቸው «ትልቅ ትርጉም ያለው ግኝት» የሚለው ሐረግ በተግባር ምን እንደሚመስል ስለሚያሳዩ ነው። የሱዳን ገበሬ ዘሩን ዘራው። ከዚያ በኋላ ስለ ትርጉሙ የሚከራከር ሰው አልነበረም።

ታዲያ ከአሁኑ ምን ይደረግ?

ቪዛውን ብትፈልጉትም ባትፈልጉትም ፋይል መገንባት የሚጀመረው ዛሬ ነው። ያው ፋይል የምርምር ገንዘብ ሲጠየቅ፣ ለስኮላርሺፕ ሲወዳደሩ፣ እዚሁ አገር ውስጥ እድገት ሲጠየቅም ያስፈልጋል።

በስማችሁ ጀምሩ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን የእኛ ዋና ራስ ምታት ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ጆርናሎች ግን አንድ ይፈልጋሉ። አበበ ከበደ የሚባል ተመራማሪ በአንዱ ጆርናል «ከበደ ኤ.»፣ በሌላው «አበበ ኬ.»፣ በሦስተኛው በአያቱ ስም ይወጣል። ጸሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደምንጽፈው ደግሞ ቁጠሩት። ውጤቱ አንድ ሰው በኮምፒውተር ዓይን ሦስት ሰው ይሆናል፤ ሥራው የተጠቀሰበት ቁጥርም በሦስት ይከፋፈላል። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ እስከ መጨረሻው በሱ ቀጥሉ። ጎግል ስኮላር ላይ በነፃ ገጽ ክፈቱና ጽሑፎቻችሁን አንድ ቦታ ሰብስቡ።

ገምጋሚ ለመሆን አትፈሩ። አርታኢዎች ሁሌም ገምጋሚ ይፈልጋሉ። አንድ ጽሑፍ ካሳተማችሁ በኋላ ለዚያው ጆርናል አርታኢ የሙያ መስካችሁን ጠቅሳችሁ መጻፍ ነውር የለውም። አማካሪያችሁ የሚገመግሙት ጽሑፍ ላይ ከረዳችሁ ደግሞ ስማችሁ ለአርታኢው እንዲነገር በትሕትና ጠይቁ። የምስጋና ኢሜይሎችን አትሰርዙ። ከስድስት ዓመት በኋላ ማስረጃ የሚሆኑት እነዚያ ናቸው።

ማሳተሚያ ክፍያ ብቻውን አያስቁማችሁ። በርካታ ትልልቅ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገራት የሚመጡ ደራሲያንን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ይተዋሉ። ጽሑፉን ከመላካችሁ በፊት ጆርናሉ እንዲህ ያለ አሠራር እንዳለው ድረ ገጹ ላይ ፈልጉ። ካልተጻፈ በኢሜይል ጠይቁ።

ማን እንደተጠቀመባችሁ ተከታተሉ። የምክር ደብዳቤ ከአማካሪ ማግኘት ቀላል ነው፣ ክብደቱም በዚያው ልክ ነው። «እሱን በአካል አላውቀውም፤ ዘዴውን ግን ላብራቶሪዬ ውስጥ እጠቀምበታለሁ» የሚል የሌላ አገር ሳይንቲስት ደብዳቤ ብዙ ይመዝናል። ሥራችሁን የጠቀሰ ሰው ስታገኙ ጻፉለት። የወደፊት የሥራ አጋርም ሊሆን ይችላል።

አናቱ ላይ ገና ላልደረሰ ተመራማሪ ደግሞ ሌላ መስመር አለ። ኢቢ-2 በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ፣ ሥራው ለአሜሪካ ብሔራዊ ጥቅም አስፈላጊ ከሆነ የቀጣሪ ግዴታው ይነሳል። በ2016 ዳናሳር በሚባለው ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ ሦስት ጥያቄ ያስቀምጣል፦ ሥራው ዋጋና አገራዊ ፋይዳ አለው ወይ? ሰውየው ሊያሳካው የሚችልበት አቋም ላይ ነው ወይ? የቀጣሪውን ግዴታ ማንሳቱ ለአሜሪካ ይጠቅማል ወይ? ይህ ጥያቄ ከ«አናት» ይልቅ ወደ ፊት የሚያይ ነው። በአብዛኛው ማስተርስና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ከኢቢ-1 የረዘመ ወረፋም ሊኖረው ይችላል።

ዋጋውና ደላላው

ቅጹ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ተመን የአይ-140 ክፍያ 715 ዶላር ነው። በራሱ ስም የሚያመለክት ሰው ለጥገኝነት ፕሮግራም የሚውል ሌላ 300 ዶላር ይጨምርበታል። ቶሎ መልስ የፈለገ ከ2,800 ዶላር በላይ ጨምሮ በ15 የሥራ ቀን ያገኛል። ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው ፍጥነት ነው፤ ውሳኔውን አይገዛም። በ15 ቀን የሚመጣው መልስ «ሌላ ማስረጃ አምጣ» ወይም «አይሆንም» ሊሆን ይችላል። ጠበቃ ለብቻው ነው፣ እሱም በሺዎች ዶላር ይቆጠራል።

ማመልከቻው ሲጸድቅም ግሪን ካርድ እጃችሁ ገባ ማለት አይደለም። ቀጥሎ የቪዛ ደረጃ አለ፤ እሱ ደግሞ በፖለቲካ ይነካል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 2026 ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገራት ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ማቆሙን አስታውቋል። ሕጉ ራሱ አልተሻረም፤ የኤምባሲው መስኮት ግን ተዘጋ። ስለዚህ አንድ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት የዚያን ቀን ያለውን ሁኔታ በመንግሥታቸው ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ አንብቡ።

አሁን ወደ «ለእኛ ተዉት» ባዮቹ። የሚሸጡት ነገር ይታወቃል፦ ክፍያ የተፈጸመበት ሽልማት፣ ማንም ከፍሎ የሚያገኘው የማኅበር አባልነት፣ ሌላ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ላይ የደራሲነት ስም፣ በገንዘብ የወጣ የሚዲያ ወሬ። ስፔንስን አስታውሱ። ምልክት ዋጋ የሚኖረው ያልጎበዘ ሰው በቀላሉ መግዛት ካልቻለ ነው። በገበያ የተገዛ ምልክት ምልክት አይደለም፤ ኦፊሰሮችም ይህን ያውቁታል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አለ። አውቆ ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ ሰው በሕጋቸው ዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችላል። ያ እገዳ ሌላ ጊዜ በትዳር ወይም በሌላ መንገድ ሲያመለክትም ይከተለዋል። ደላላው ብሩን ይዞ ይሄዳል፣ ስሙ ጥቁር መዝገብ ላይ የሚቀረው የአመልካቹ ነው።

ሒሳቡ የማን ነው?

አሜሪካ በዚህ በር የምታደርገው፣ በኢኮኖሚክስ ዓይን ካየነው፣ እጅግ ብልህ ግዢ ነው። ማስተማሩን ሌላው ይከፍላል። ከመቶ ተማሪ ማን እንደሚሳካለት አይታወቅም፣ ያንን ኪሳራም ሌላው ይሸከማል። አሜሪካ የምትገባው ውጤቱ ከታየ በኋላ ነው። ሌላው አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ ሲያበቃ አውድማው ላይ ደርሳ ምርጡን ታፍሳለች። ለሄደው ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ሲሄድ ከሃዲ፣ ሲሸለም «የኛ ልጅ» ማለት የተለመደ ነውራችን ነው።

እኛ መጠየቅ ያለብን ሌላ ጥያቄ ነው። የጅማዋ ተመራማሪ ፋይሏ የሳሳው ለምንድን ነው? ኬሚካሉ ጉምሩክ ላይ ለምን ወራት ቆመ? የአገር ውስጥ ጆርናሎቻችን ስንቶቹ በሰዓታቸው ይወጣሉ፣ ስንቶቹስ በዓለም የመረጃ ቋቶች ውስጥ ይገኛሉ? ጽሑፍ የሚገመግም መምህር ሥራው እንደ ሥራ ይቆጠርለታል ወይስ በትርፍ ሰዓቱ የሚያደርገው ውለታ ነው? እነዚህ የቪዛ ጥያቄዎች አይደሉም። ግን መልስ ቢያገኙ ሁለት ነገር ይሆናል። መሄድ የሚፈልገው ሙሉ ፋይል ይዞ፣ ደላላ ሳይለማመጥ ይሄዳል። መቅረት የሚፈልገው ደግሞ ታውቆ ለመከበር ሲል ብቻ መሰደድ አይኖርበትም።

ዶ/ር አክሊሉ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ያዩት አድዋ ወንዝ ዳር ነው። ዛሬም አንድ ወንዝ ዳር፣ አንድ ማሳ ውስጥ ወይም መብራት በሚቆራረጥበት ላብራቶሪ ውስጥ ማንም ያላየውን ነገር የሚያይ ወጣት አለ። ያየውን ይጻፈው፣ በአንድ ስም ይጻፈው፣ ኢሜይሎቹንም አይሰርዝ። እሱን ለማመን ደግሞ ሌላ 25 ዓመት አንፍጅ።